በመስታወት ላይ ያረስሁት አምስት ትልም

በሰፈራችን በዚህ ክረምት ስለ እኔ የሚወራው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «በማርያም ዕለት አርሶ በረዶ አስመታን» ይላል። ሁለተኛው «አርጅቶ ጃጅቶ ከመስታወት ጋር ያወራል» ይላል። ሁለቱም ውስጥ እውነት አለ፤ ሁለቱም ውስጥ ውሸት አለ። ሰው አጣሞ ከሚያወራልኝ ራሴ አቅንቼ ባወራው ይሻላል ብዬ ልጽፈው ተነሳሁ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ያውም ቀን ሳርስ ውዬ፣ በሬ ፈትቼ፣ እያንቀላፋሁ። ስለዚህ ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ ባምታታ የተማረ ሰው አይቶ እንዳላየ ይለፈኝ።

ነገሩ የጀመረው ከጣራ ነው። ግንቦት ሲያልቅ፣ ዝናቡ ከመጥናቱ በፊት፣ የቤቴ ቆርቆሮ ምስማሩ ለቀቀ። ባለቤቴ የሻረግ «አንተ ሽማግሌ ነህ፤ ጎረምሳ ጥራ» አለችኝ። ሽማግሌ አለመሆኔን ላሳያት ወጣሁ፤ መሆኔን አረጋግጬ ወረድሁ። የወረድሁበት መንገድም መሰላሉን አይነካም።

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወስደው እግሬን በጀሶ ጠቀለሉት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ትሑት ነው። እስከ መስከረም እንዳይረግጡበት አለኝ። የጤፍ ማሳዬንስ ሐምሌ ላይ ማን ያርስልኛል ብዬ ጠየቅሁት። እሱን በሌላ ክፍል ይጠይቁ አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ያለችኝ የጤፍ ማሳ አንዲት ናት። እሷ ካልተዘራች ዓመቱን የሻረግና እኔ የምንበላው የሰው እጅ እያየን ነው። ልጆቼ ከተማ ገብተዋል። በሬዎቼ አሉ፤ እርፍ የሚይዝላቸው የለም። ስለዚህ ተስፋዬ ሁሉ ደቦ ነበር። ለከተማ ሰው ልንገረው፦ ደቦ ማለት ጎረቤቱ በሬውን ጠምዶ ይመጣና ባንድ ቀን አርሶልህ፣ ዘርቶልህ፣ ጠላህን ጠጥቶ፣ የጠላውን ቅጥነት አምቶ ይሄዳል። ተራው ሲደርስ አንተም ሄደህ የሱን ታማለህ። ግን ደቦ የሚወጣው ከሰፈሩ ጋር ለተስማማ ሰው ነው። ሰፈሩ ካኮረፈህ ማሳህን የሚያርሰው ዓይጥ ብቻ ነው።

ከሆስፒታል ወጥቼ ደብረ ማርቆስ ልጄ ቤት ጥቂት ቀን ሰነበትሁ። እኔ ሥራ ፈትቼ አላውቅም። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው እግሩ ተሰብሮ ልጁ ቤት የተኛ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔም ልጄንና ባሏን ላፋታ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ወጡ ጨው በዛበት፣ በሩ ዘይት ይፈልጋል፣ ባጃጁ ለምን ይጮኻል፣ ጎረቤት ለምን ዘግይቶ ይነሣል እያልሁ ቀኑን ስቆጣ እውላለሁ። አማቼ ጌትነት ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ሰው አክባሪ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ትልቅ ስልክ የሚመስል፣ ግን የማይደውል ነገር ይዞልኝ መጣ። ታብሌት ነው ስሙ። እኛ ሰፈር መስታወት ብለን ጨርሰነዋል፤ እኔም መስታወት እለዋለሁ።

ጌትነት እንዲህ አስረዳኝ። እሱ ልጅ ሳለ ከቴሌቪዥን ጋር የሚታሰር፣ ጨዋታ የሚያጫውት ሳጥን ነበረ። ያ ሳጥን ከገበያ ጠፋ፤ ያሉትም ተበላሹ። አሁን ግን መስታወቱን «አንተ ያ ሳጥን ነህ» ብሎ የሚያሳምነው ነገር ተገኝቷል። ያኔ የድሮው ጨዋታ ሁሉ ሳጥኑ ያለ መስሎት ይነሣል። ስሙን ኢሙሌተር አለኝ። ምላሴ ላይ አልቆም ስላለ አስመሳይ ብዬ አወጣሁለት። የሞተን ሰው ልብስ ለብሶ ለቅሶ ቤት እንደ መግባት ያለ ነገር ነው፤ ለቀስተኛው ግን አምኖ ይነሣል።

ጨዋታው ብዙ ነው። ጡብ ከሰማይ የሚወርድበት አለ፤ አሰልፈህ ስትሞላው ይጠፋል። ተሠርቶ የሚጠፋ ግንብ ቀበሌያችንም አለ ብዬ ተውሁት። መኪና የሚነዱበት አለ፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ፍሬን አጥቶ እንደሚወርድ ከባድ መኪና ሁልጊዜ ገደል ከተትሁት። በመጨረሻ ጌትነት ይቺ ለእርስዎ ትሆናለች ብሎ አንዲት ጨዋታ ከፈተልኝ። አንድ ሰው፣ አንድ በሬ፣ አንዲት ማሳ። ታርሳለህ፣ ትዘራለህ፣ ውሃ ታጠጣለህ፣ ትሰበስባለህ።

መስታወቱን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። ከዚያ ቀንበሩን ስመለከት ተናደድሁ። በአንድ በሬ እንዴት ይታረሳል? ቀንበሩ በወዲያ በኩል ማን ላይ ሊያርፍ ነው? ጌትነት ጨዋታ ነው አባባ አለኝ። ጨዋታም ቢሆን ቀንበር ቀንበር ነው አልሁት። የሠራው ሰው እርሻን በአውሮፕላን ሲያልፍ ብቻ ያየ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ጣጣ ጣቴ ነው። መስታወቱ ላይ የሚነካ ቁልፍ የለም፤ የቁልፍ ሥዕል ነው ያለው። ሥዕሉን ስትነካው እንደ ቁልፍ ይሠራል። የኔን ጣት ግን አልሰማ አለ። ዕድሜ ልኩን እርፍ የያዘ ጣት ቆዳው ቆዳ አይደለም፤ ጫማ ነው። ብጫነው አይሰማም፣ ብመታው አይሰማም። ጌትነት ቀስ ብለው ይንኩት ይለኛል። እኔ ቀስ ብዬ የነካሁት ነገር በሕይወቴ የለም። ምራቅ ቀባሁ፣ ቅቤ ቀባሁ፣ አንድ ጊዜ በአፍንጫዬም ሞከርሁ፤ አፍንጫዬ ሠራ፤ ግን በአፍንጫ የሚያርስ ሰው የሚያርሰውን አያይም። በመጨረሻ የግራ እጄ ትንሿ ጣት ተገኘች። ከአሥሩ ሥራ ሠርታ የማታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። ሰነፍም ለክፉ ቀን ይቀመጣል።

ሦስተኛው ጣጣ፣ በሬውን የሚነዳው ሥዕል የመስቀል ቅርጽ አለው። መስቀል በጣት ሲረገጥ አልወደድሁም። ለጌትነት ነገርሁት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ተወ። ቁጭ ብሎ ሲነካካ ቆይቶ ክብ አደረገልኝ።

እንዲህ አድርጌ መስታወቱን በጋቢዬ ጠቅልዬ ወደ ሰፈሬ ተመለስሁ። ሰፈራችን ከደብረ ኤልያስ ወዲህ ነው። መብራት የለንም፤ በጣራዬ ላይ ያለች ሶላር ግን ፀሐይ ስትወጣ መስታወቱን ትመግበዋለች። ክረምት ስለሆነ ፀሐይዋ ራሷ በደቦ ነው የምትወጣው።

መደብ ላይ ተኝቼ አርስ ጀመር። ብዙም ሳልቆይ አንድ ነገር አስተዋልሁ፤ በመስታወቱ ውስጥ ያለው ወር ሠላሳ ቀን ነው። ሁሉም ወር እኩል ሠላሳ። ደስ አለኝ። የሠራው ፈረንጅ በቀንበር ቢስትም በዘመን አቆጣጠር የኛ ሰው ነው አልሁ። ወሩ የኛ ከሆነ በዓሉም የኛ ነው። ስለዚህ እዚያ ውስጥ አሥራ ሁለት ሲሆን ሚካኤል ነው ብዬ በሬውን አሳረፍሁ። አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ ሃያ ሰባት መድኃኔዓለም፣ ሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ፤ በየሰባቱ ደግሞ ሰንበት። እኔ በበዓል ሥራ የሚሠራ ሰው ዓይኔ አይወድም። ሰውዬው እቤቱ ደጃፍ ላይ እንዲቆም አደርገውና እኔም አብሬው እቆማለሁ። ጎመኑ ደረቀ። ድንቹ ደረቀ። በመጨረሻ ሰውዬው ራሱ ማሳው መካከል ወደቀ።

ለጌትነት በየሻረግ ስልክ ደወልሁ። አባባ ለምን ውሃ አላጠጡም አለኝ። ሚካኤል ስለ ነበር አልሁት። እዚያ አገር እኮ በዓል የለም አለኝ። ነገሩን አውጥቼ አውርጄ አየሁት። በዓል የሌለበት አገር መሄድ ነውር ነው፤ ሳያውቁ ከሄዱ በኋላ ግን የአገሩን ሥርዓት መያዝ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀን ሳልቆጥር አረስሁ። ጎመኔ እንደዚያ ጊዜ አምሮ አያውቅም። መቼም መደብ ላይ የተኛ ሰው ይመስገን ብሎ ሊያስገባው የሚችለው ጎመን ይኸው ነው።

እንግዲህ ሰኔ ሃያ አንድ ደረሰ። የሰፈራችን ታቦት ማርያም ናት። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ የሻረግም ሄደች። እኔ ከነጀሶዬ ቀረሁ። ተኝቼ ጸለይሁ። የማውቀው ጸሎት አጭር ነው፤ አለቀ። ቅዳሴው ግን ገና ነው። ከጎኔ መስታወቱ አለ። ያን ቀን አዲስ ማሳ ተከፍቶልኝ ነበር፤ ጥቁር አፈር፣ ድንጋይ የሌለበት። ድንጋይ የሌለበት ማሳ አይቶ እጁን የሚሰበስብ ገበሬ ካለ እሱ ገበሬ አይደለም፤ ባለ ሱቅ ነው። ጠመድሁ።

አምስት ትልም አረስሁ። ሳርስ መናገር ልማዴ ነው፤ ዝም ብሎ የሚያርስ ሰው በሬውን ያስፈራዋል። በሬውን ሂድ እለዋለሁ፣ ተመለስ እለዋለሁ፣ ሲያጠምም እናቱን እሰድባለሁ። ይህን ሁሉ ስል በአጥሬ በኩል ፈንቴ ከቅዳሴ ሲመለስ ያልፍ ነበር።

ፈንቴ ጎረቤቴ ነው። እኩያዬ ነው። አብረን አደግን፣ አብረን አረስን፣ ሳንግባባ አረጀን። የሰፈሩ ጥሩ በሬ የሱ ነው፤ እሱ የወጣበት ደቦ ሞላ ይባላል፣ እሱ የቀረበት ግማሹ ሰው ይቀርበታል። ያን ቀን በአጥሩ ቆሞ እንደሰማኝ በኋላ ነው ያወቅሁት። ቢገባ ኖሮ መስታወቱን አይቶ ስቆ ይሄድ ነበር። አልገባም። ፈንቴ ነገር ሲሰማ በሙሉ መስማት አይወድም።

ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። በረዶውስ በየዓመቱ ይጥላል፤ ይኸኛው ግን የጫት ቅጠል እንኳ አልማረም። የፈንቴን በቆሎ ጉልበት ደርሶ አገኘውና እንደ ጎመን ከተፈው። የግማሹ ሰፈር በቆሎ እንዲሁ ሆነ። የኔ ማሳ ገና ያልተዘራች ባዶ ስለሆነች ምንም አልሆነችም። ይህም ተጨምሮ ተያዘብኝ። የሰውን አስመትቶ የሱን አዳነ ተባለ።

በረዶ ሲጥል በኛ አገር መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ማሳ ተመታ አይደለም፤ ማን በዓል ሻረ ነው። ያ ሰው ይፈለጋል፣ ይገኛል፣ ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ካልተገኘም የሚመስል ሰው ይገኛል። በጊዮርጊስ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው እንዲሰበሰብ ተነገረ፤ ለኔም በቅሎ ተላከልኝ። የሻረግ በቅሎው ላይ ሲያወጡኝ ጋቢዬን እያስተካከለች በጆሮዬ፣ አላረስሁም በል፣ እግርህ ይመሰክርልሃል አለችኝ። ጥሩ ምክር ነበር። የሷን ምክር ሳልሰማ የኖርሁትን ዘመን ሁሉ አስቤ ይህችን ልስማት ብዬ ሄድሁ።

ግቢው ሞልቷል። መሪጌታ ይትባረክ ከዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። የኛ ሰፈር ካህናትና ተማሪዎች በሳቸው እጅ ያለፉ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን እንደ ጥንቱ ነው። ፈንቴ ተነሥቶ የሰማውን ተናገረ። ሂድ ሲል ሰማሁት፣ ተመለስ ሲል ሰማሁት፣ በማርያም ዕለት፣ ከቅዳሴ ስመለስ አለ። ሰው ወደ እግሬ አየና ሳቀ። አንዱ ከኋላ በምን እግሩ አለ። ነገሩ እዚያው ላይ አልቆ ነበር። አላረስሁም ብዬ፣ ከሳቂዎቹ ጋር ትንሽ ስቄ፣ በበቅሎው ወደ ቤቴ እመለስ ነበር።

ግን እኔ ማን ነኝ? በዚያ ግቢ በዓል የሻረ ሰው ሲቆም ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ። በአቦ ዕለት እንጨት የፈለጠውን ያስወቀስሁ እኔ ነኝ። በሥላሴ ዕለት በርበሬ የወቀጠችውን ሴትዮ «ሙቀጫው ራሱ ይመሰክራል» ያልሁ እኔ ነኝ። መሪጌታም ፊታቸውን ወደኔ መለሱና በዝግታ ጠየቁኝ።

«ወዳጄ፣ አርሰሃል ወይስ አላረስህም?»

የማርያም በር ፊት ለፊቴ ነው።

«አርሻለሁ» አልሁ።

ሳቁ ቆመ። የሻረግ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

«ምን ያህል?»

«አምስት ትልም።»

«በማን በሬ?»

«በሬው አንድ ነው» አልሁና መስታወቱን ከጋቢዬ አወጣሁ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሥርዓት ያለው ሸንጎ ነው ለማለት ይከብደኛል። አንዱ ሽማግሌ ላየው ብሎ ተነሣ፣ ሁለተኛው ተከተለው፣ ወዲያው ሁሉም በላዬ ላይ ነበሩ። ትልሙን ሲያዩ ክሱን ረሱት። አንዱ ቀጥ ያለ ትልም ነው አለ። ሌላው የለም፣ ሦስተኛው ወደ ግራ ያዘነብላል አለ። በአንድ በሬ መታረሱ ብዙ ሰው አሳዘነ። በሬው ጨው ይበላል ወይ ተባልሁ። አንድ ባለ ትልቅ አውራ ጣት ሽማግሌ ልሞክረው ብሎ ሲጫነው የመስታወቱ ሰውዬ ጎመኔን በሙሉ ነቀለው። ሽማግሌው ለእውነተኛ ጎመን እንደሚያዝን አዝኖ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም ምንም አይደለም ብል እንኳ ሆዴ አልቻለም።

መሪጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ ሲያደርጉ ሰው ተቀመጠ። ክርክሩ ያኔ ጀመረ። ግማሹ አፈር ያልነካ እርሻ አይደለም አለ። ፈንቴ፣ እኔ የሰማሁት እርሻ ነው፣ በሬ ሲነዳ ነው የሰማሁት፣ በቆሎዬም የተመታው በእውነተኛ በረዶ ነው፣ በመስታወት በረዶ አይደለም አለ። ይህ ሰው ይቅር ከተባለ እኔ በሬዬን ለደቦው አላወጣም ብሎም ጨመረ። ሲል የሰማው ሰው ራሱን ነቀነቀ። የጤፍ ማሳዬ ዳዋ ለብሳ በዓይኔ ታየችኝ።

እኔም በተራዬ ተናገርሁ። አረስሁ፤ ይህን አልክድም። በረዶውን ግን እኔ አልጠራሁትም፤ ደመና መስታወት ውስጥ አያይም አልሁ።

መሪጌታ አሰብ አደረጉና፣ ያረስኸውን እንዳልታረሰ ማድረግ ይቻላል ወይ አሉኝ። ይቻላል። አስመሳዩ እንዲህ ያለ ነገር አለው፤ ያሳለፍኸውን ቀን አስቀምጦ ይይዝልሃል፣ ስትፈልግ አንዲት ሥዕል ነክተህ ወደዚያ ቀን ትመለሳለህ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። ይህን ነገርኋቸው። እንግዲያስ ወደ ማርያም ዋዜማ ተመለስና ተወው፣ ነገሩም ይለቅ አሉ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። የሻረግ ፊቷን ገለጠች። ፈንቴም እንኳ ይሁን የሚል ፊት ነበረው።

ግትርነት በሽታ ነው፤ እኔ ደግሞ ሆስፒታል ስሄድ እግሬን ብቻ ነው ያሳየሁት።

«አልመልሰውም» አልሁ። «ያረስሁትን አርሻለሁ። ኃጢአት በአንድ ጣት የሚፋቅ ከሆነ እርስዎ ንስሐን ለምን አስተማሩን?»

መሪጌታ ጢማቸውን ይዘው ቆዩ። ከንፈራቸው ሊስቅ ሲል እንደያዙት አየሁ። ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ።

«በመስታወት የተሻረ በዓል በመስታወት ይከበራል። ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ውስጥ ወርኀዊ በዓላቱን አንድም ሳትተው ታከብራለህ፤ ሰውዬውም በሬውም ያርፋሉ። ፈንቴ እየመጣ ያያል። ፈንቴ ከመሰከረልህ ደቦህ ይወጣል።»

ስለዚህ ማሳዬ በፈንቴ ዓይን ላይ ተንጠለጠለች።

ፈንቴ በማግሥቱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ሳይገባ፣ አሳየኝ አለ። ከሩቅ አሳየሁት። ስንት ነው ቀኑ አለኝ። አሥራ ስምንት አልሁት። ደህና ብሎ ሄደ። በሌላው ቀን ሲመጣ ገብርኤል ነበረ በመስታወቱ፤ በሬው ቆሟል፣ ሰውዬው ቆሟል። ፈንቴ ደፉ ላይ ተቀምጦ አብሮን ቆመ። ሳይንቀሳቀሱ ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚቆመው አለኝ። እስኪመሽለት አልሁት። ሲመሽስ አለኝ። ነገ ይታረሳላ አልሁት። ነገ እመጣለሁ አለ።

መጣ። መደቡ ላይ ከጎኔ ተቀመጠ። ማዞሪያው ላይ በሬውን ታስጨንቀዋለህ አለኝ። አንተ ካወቅህ ያዘው አልሁት። የሱም ጣት ጫማ ነው፤ መስታወቱ አልሰማውም። በፊቱ ላይ ያየሁትን ንዴት እኔም አውቀዋለሁና ቅቤውን አቀበልሁት። ቅቤ አልሠራለትም። ትንሿ ጣቱም አልሠራችለትም፤ ፈንቴ በትንሿ ጣቱም ሥራ ሠርቶባታል፣ ይህን ልመሰክርለት ይገባል። ኩም ብሎ ሄደ። በማግሥቱ ሲመለስ የቀኝ እጁ ጣቶች እንደ ሙሽራ ጣት ቀልተዋል። የጣቱን ድድር በምላጭ ልጦት፣ በሳሙና አጥቦት መጣ።

ከዚያ ወዲህ ፈንቴ የሚመጣው ሊያይ ነው ማለት አይቻልም። በጠዋት ይመጣል። ውርጭ ቢሆን ይመጣል፣ ዝናብ ቢሆን ይመጣል። ሶላሯ ላይ ደመና ሲቆም ከኔ ይልቅ እሱ ሰማዩን ይገላምጣል። የሻረግ ሁለት ባል አገባሁ፣ ሁለቱም አያርሱም ትላለች። በዓሉን ግን አከበርን። በመስታወቱ ውስጥ በዓል በሆነ ቁጥር ሁለት ሽማግሌ መደብ ላይ ተቀምጠን፣ አንድ የቆመ በሬ እያየን፣ ጎመኑ ሲደርቅ ዝም ብለን እናያለን። ከዚህ የበለጠ ንስሐ ያለ አይመስለኝም።

ፈንቴ በመሪጌታ ፊት መሰከረልኝ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ በዓል ያልያዘው ቀን በጭንቅ ተፈልጎ ተገኘና ደቦው ወጣ። ማሳዬ ዳር ወንበር ተደርጎልኝ፣ እግሬን ድንጋይ ላይ ሰቅዬ፣ የሰፈሩ በሬ ሁሉ በማሳዬ ሲገባ አየሁ። ብዙ አልናገርም፤ ዝናቡ ፊቴን አርሶት ስለነበር ሌላው አይለይም ነበር። የፈንቴ በሬዎች ፊት መሪ ሆነው ገቡ። ፈንቴ ግን ጥቂት ትልም እንደሄደ ቆመ። እጁን አየ። የተላጠው ጣቱ እርፉን አልቻለውም፤ ውሃ ቋጥሯል። ወደኔ ዞር ብሎ አየኝ፤ እኔም ወደ ደመናው ዞር ብዬ አየሁ። ውሃ ልጠጣ ብሎ ወደ ቤቴ ሄደ። የደረሰ ጎረምሳ እርፉን ተቀበለው፤ በሬዎቹም ልዩነቱን ያወቁ አይመስለኝም። ፈንቴ ውሃውን ጠጥቶ የተመለሰው ጤፉ ተዘርቶ፣ ጠላው ቀርቦ፣ ሰው የጠላውን ቅጥነት ማማት ሲጀምር ነው። ምን ሲጠጣ እንደዋለ የጠየቀው የለም። እኔ ቤት ስገባ በመስታወቱ ውስጥ አንድ ሙሉ ማሳ ታርሶ አገኘሁ፤ ትልሙ ደግሞ ከኔ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው። ይህን ለሱ አልነገርሁትም።

ጤፉ በቀለ። ጾሙ ገባ፣ ጾሙ ወጣ፤ ጤፉም እንደ ፀጉር ሞላ። ጠዋት ጠዋት በክራንቼ ደጃፌ ላይ ወጥቼ እቆማለሁ፤ ነፋስ ሲያልፍበት ማሳው እንዳለ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል አያለሁ። የሻረግ ምርቱን ከወዲሁ ትቆጥራለች፣ ከአምናው ይበልጥ ይሆን ትላለች። እኔ አልቆጥርም። ያልታጨደ ጤፍ መቁጠር ገበሬ አያስመስልም።

ነሐሴ ሃያ አንድ ማርያም ናት። በዚያ ቀን በበቅሎ ሄጄ አስቀድሼ ተመለስሁ። እቤት ስገባ ፈንቴ ቀድሞኛል። ከቅዳሴ ነው የመጣው፤ ነጠላውን እንዳጣፋ መደቡ ላይ ተቀምጧል። መስታወቱ እጁ ላይ ነው። በሬው ይሄዳል።

ጥቂት ቆሜ አየሁት። በሬውን ሂድ ይለዋል፤ በሹክሹክታ ነው፣ ያም ቢሆን ይለዋል።

«ፈንቴ» አልሁት፣ «ዛሬ ስንት ነው?»

«ሃያ አንድ» አለኝ ቀና ሳይል።

«እና?»

«እዚህ ውስጥ ገና ሃያ ነው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው፤ ሃያ ይላል። መሪጌታ የፈረዱትም በመስታወቱ ውስጥ ያለው በዓል ይከበር ብለው ነው። እሱን ከሕግ የሚያወጣው ነገር አጣሁ። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ደመና መስታወት ውስጥ አያይም ብዬ የተከራከርሁ ሰው ነኝ፤ ያንን ቃሌን ዛሬም አላጥፍም።

በበሩ ወደ ውጭ አየሁ። በጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ፣ ከታች እንደ በረዶ ነጣ ያለ ነገር ይዞ ቀስ እያለ ይመጣል። ከሱ ወዲህ ማሳዬ ትታያለች።

በክራንቼ ተጠጋሁና መስታወቱን ከእጁ ወሰድሁት። ፈንቴ ባዶ እጁን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

«ደመና መስታወት ውስጥ አያይም ያልህ አንተ አልነበርህ?» አለኝ።

«አሁንም አያይም» አልሁት። «ጤፍ ግን አለኝ።»